ታሪክህን አትውደደው ለተባልን ሁሉ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በብዙ ሰው እጅ ሲዞር ከረመ። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ላከልኝ። አራቱም የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን ለማሳተም ደፋ ቀና የሚሉ ናቸው። አንዷ ከጽሑፉ ሥር «እውነታቸውን ነው መሰለኝ፣ ልተወው» ብላ ጨመረችበት። ልትተወው ያሰበችው 3 ዓመት የለፋችበትን ልብ ወለድ ነው። ያን ሳነብ ዝም ማለት አቃተኝ።

መጀመሪያ ጽሑፉ የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጸሐፊው እንደሚሉት የጀማሪ ደራሲ ትልቁ ወጥመድ የራሱን ታሪክ መውደድ ነው። አምስት ምክንያት ያቀርባሉ። የሚወድ ሰው ጉድለት አያይም። የሚወድ ሰው አይታረምም፤ አርታኢ ሲነካበት ይቆጣል። የሚወድ ሰው «አንቀበልም» ሲባል ይሰበራል። አንባቢ ደግሞ የደራሲው ፍቅር አይመለከተውም፤ ስለዚህ ገበያው የሚፈልገውን መጻፍ ይሻላል። በመጨረሻም የመጀመሪያ መጽሐፍ መለማመጃ ነውና ቶሎ ጨርሶ፣ ረስቶ፣ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው። ለሁሉም መፍትሔያቸው አንድ ነው፦ ድርሰትህን እንደ ዕቃ ቁጠረው።

ጽሑፉ በክፋት የተጻፈ አይደለም። ጸሐፊው ራሳቸው የተጎዱበት ነገር እንዳለ ያስታውቃል። በመጨረሻው አንቀጽ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ስላስቀመጡት የራሳቸው ረቂቅ ይናገራሉ። ወደዚያ አንቀጽ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ፤ ከሁሉም በላይ የነካኝ እሱ ነው።

«የሚወድ ሰው ጉድለት አያይም» ከሚለው ልጀምር። ትንሽ እውነት አለው፤ አልክድም። ረቂቅ በጨረስኩ ሰሞን እኔም ምንም አይታየኝም። የማነበው ወረቀቱ ላይ ያለውን ሳይሆን ጭንቅላቴ ውስጥ ያለውን ነው። ቃል ቢጎድል ዓይኔ ራሱ ሞልቶ ያልፈዋል። ግን ይህ የቅርበት ጣጣ ነው። ድርሰቱን የጠላ ሰውም በዚያ ሰሞን የጎደለውን ቃል ሳያይ ያልፋል።

መድኃኒቱም ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ሮማዊው ገጣሚ ሆራስ የዛሬ 2000 ዓመት ገደማ ለገጣሚዎች ምክር ሲጽፍ፣ ሥራችሁን እስከ ዘጠነኛው ዓመት አቆዩት ብሏል። ዘጠኝ ዓመት ለአብዛኞቻችን ይበዛል። ስድስት ሳምንት እንኳ ግን ብዙ ነገር ያሳያል። ሆራስ አቆዩት አለ እንጂ አትውደዱት አላለም። የምትወደውን ነገር ለጊዜው ከዓይንህ ማራቅ ትችላለህ። ስትመለስ እንደ እንግዳ ታየዋለህ፤ ፍቅሩም እዚያው ይጠብቅሃል።

እንዲያውም ከራሴ ያየሁት የጽሑፉን ተቃራኒ ነው። የመጀመሪያ መጽሐፌ ስለ አንድ ሰዓት ጠጋኝና ስለ ልጁ ነው። ልጅቷ በምዕራፍ 3 ግራ እጇ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አላት። በምዕራፍ 11 ጠባሳው ወደ ቀኝ እጇ ዞሯል። ረቂቁን አምስት ሰው አንብቦልኛል። ጠንቃቃ አንባቢዎች ናቸው። አንዳቸውም አላዩትም። ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ለስምንተኛ ጊዜ ይሁን ለዘጠነኛ ጊዜ ጮክ ብዬ ሳነበው። በር ስትከፍት የያዘችበትን እጅ አየሁና «ይሄ የእሷ እጅ አይደለም» አልኩ። እጇን ስለማውቀው ነው። ዕቃ ቢሆንብኝ ኖሮ ስምንት ጊዜ ማን ያነበዋል? አንድ ጊዜ አገላብጬ በላክሁት ነበር።

ታዲያ ጸሐፊው ያዩት ዕውር ደራሲ የለም? አለ። ብዙ አጋጥሞኛል። አንድም ነጠላ ሰረዝ አይነካብኝ የሚል፣ አስተያየት ጠይቆ አስተያየት ሲሰጡት የሚያኮርፍ። ግን ይህን ሰው ልብ ብላችሁ አዳምጡት። ስለ ገጸ ባህርያቱ አያወራም። ስለ መጽሐፉ ምረቃ፣ ስለ ሽፋኑ፣ ማን ምን እንደሚለው ነው የሚያወራው። እሱ የወደደው ደራሲ መባልን ነው። ታሪኩን መውደድና በታሪኩ መወደድን መፈለግ ለየቅል ናቸው። ጸሐፊው የሁለተኛውን ጥፋት ለመጀመሪያው ሰጡት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው የተቀበላቸው እዚህ ላይ ነው።

የሚወድ አይታረምም ካሉ በኋላ «ውዶቻችሁን ግደሉ» የሚለውን የታወቀ ምክር ይጠቅሳሉ። ባለቤቱ አሜሪካዊው ዊልያም ፎክነር ነው ይላሉ። ብዙ ሰው እንደዚያ ይላልና በዚህ አልወቅሳቸውም። ምክሩ ተጽፎ የምናገኘው ግን ከእንግሊዛዊው አርተር ኩዊለር ካውች ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ስለ አጻጻፍ ስልት ሲያስተምር ተናገረው፤ ንግግሩም በ1916 በመጽሐፍ ወጣ። የማን እንደሆነ ያን ያህል አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው ምን እንዳለ ነው።

ኩዊለር ካውች እዚያ ቦታ የሚናገረው ከውጭ ስለሚለጠፍ ጌጥ ነው። ለማማር ብቻ ስለሚጻፍ ዓረፍተ ነገር። ምክሩም ሁለት ግማሽ አለው። የመጀመሪያው ግማሽ ይረሳል። እጅግ ያማረ ነገር ልጻፍ የሚል ስሜት ሲመጣባችሁ በሙሉ ልባችሁ ታዘዙት፣ ጻፉት ይላል። ከዚያ ወደ ማተሚያ ከመላካችሁ በፊት ሰርዙት። እንግዲህ እዩት። በሙሉ ልብ ጻፉት ያለን ሰው ነው አትውደዱ እንዳለ አድርገን የምንጠቅሰው። እንዲገደል ያዘዘው ያጌጠውን ዓረፍተ ነገር ነው። ታሪኩን ግደሉ አላለም። ለታሪኩ ካልሆነ ታዲያ ዓረፍተ ነገሩ ለማን ሲባል ይገደላል?

ይህን ልዩነት በሥራ ያሳዩ ደራስያን ሞልተዋል። እንግሊዛዊው ዊልያም ጎልዲንግ የትምህርት ቤት መምህር ሳለ፣ ደሴት ላይ ብቻቸውን ስለቀሩ ልጆች የጻፈውን የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ብዙ አሳታሚ መልሶበታል። መጨረሻ ላይ በታተመበት ድርጅት እንኳ የመጀመሪያዋ ገምጋሚ ውድቅ አድርጋው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ቻርልስ ሞንቲዝ የሚባል ወጣት አርታኢ ከሚመለሱት ክምር ውስጥ አነሳው። አንብቦ ግን እንዳለ አልተቀበለውም። ስለ አቶሚክ ጦርነት የሚተርከው መግቢያ ይውጣ አለ። ሳይመን የተባለው ልጅ መንፈሳዊነት ይቀነስ ተባለ። ርዕሱም ተቀየረ። ጎልዲንግ እየቆረጠ፣ እንደገና እየጻፈ አብሮ ሠራ። መጽሐፉ በ1954 «ሎርድ ኦፍ ዘ ፍላይስ» ተብሎ ወጣ። ደሴት ላይ የቀሩት ልጆች ግን እነዚያው ልጆች ናቸው። መግቢያው ሄደ፤ ታሪኩ ቀረ።

አሜሪካዊቷ ደራሲ ሃርፐር ሊ ከዚህም የከፋ ነገር ተጠይቃለች። እ.ኤ.አ. በ1957 ያቀረበችው ረቂቅ አዋቂ ሆና ወደ አባቷ አገር ስለምትመለስ ሴት ነበር። አርታኢዋ ቴይ ሆሆፍ የሳባት በመካከል በመካከሉ የሚመጣው የልጅነት ትዝታ ነው። ወደዚያ ሂጂ አለቻት። ሊ ከሁለት ዓመት በላይ እንደ አዲስ ስትጽፈው ቆየች። በ1960 የታተመው «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» የዚያ ውጤት ነው። አስቡት እስቲ። ጨርሻለሁ ያልከውን መጽሐፍ አፍርሰህ በሕፃን ዓይን እንደገና ጻፈው ስትባል። ልጅቷንና አባቷን ያልወደደ ሰው ያንን ይሞክረዋል? ዕቃ ቢሆን ወደ ሌላ ሱቅ ነው የሚወሰደው።

የራሴ ከእነዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ግን በእጄ የነካሁት ስለሆነ ልንገራችሁ። የመጽሐፌ የመጀመሪያ ምዕራፍ 11 ገጽ ነበር። የሰዓት ጠጋኙን ክፍል ነው የሚያሳየው። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች፣ እያንዳንዱ የሚያሰማው ድምፅ፣ በትንንሽ ቆርቆሮ ውስጥ የተለዩት ጥርሶችና ምንጮች። አራት ወር ፈጅቶብኛል። አርታኢዬ ረቂቁን ስትመልስልኝ ከገጽ 1 እስከ ገጽ 11 በእያንዳንዱ ላይ ከላይ እስከ ታች አንድ አንድ ሰያፍ መስመር ተሰምሯል። በእርሳስ ነው። ገጽ 9 ላይ ብቻ መስመሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ጋ ሲደርስ ይቋረጥና ከሥሩ ይቀጥላል። ዓረፍተ ነገሩ ይህ ነበር፦ «ልጁ ስትገባ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰካ፤ እጁ ላይ ግን ሰዓት አልነበረም።»

ደወልኩላት። ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ አልቀረም። እሷ ግን ረጋ ብላ «ይሄ ሰውዬ ልጁን ይፈራታል አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ታዲያ ይህን ለማወቅ ለምን ዘጠኝ ገጽ እንጠብቅ?»

ሁለት ቀን አልተኛሁም። በሦስተኛው ቀን ቆረጥኩት። አሁን መጽሐፉ በዚያች ዓረፍተ ነገር ነው የሚጀምረው። እውነት ለመናገር የቆረጥኩት ቀን ከየትኛውም ቀን በላይ ሰውዬውን የወደድኩበት ቀን ነው። ሰዓቶቹ ጋርደውት ኖረዋል።

የዚያው ረቂቅ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሌላ ማስታወሻ ነበር። «ልጅቷ እዚህ ይቅር ብትለው አንባቢ እፎይ ይላል» ይላል። ይህንን እሺ አላልኩም። ሁለት ገጽ መልስ ጻፍኩላት። ልጅቷ በምዕራፍ 7 ምን እንዳየች፣ ያን ያየ ሰው በአንድ ምሽት ይቅር ቢል ውሸት እንደሚሆን፣ ግን በሩን ሳትዘጋው መሄዷ ለእሷ ስንት እንደሆነ። አርታኢዬ አንብባ «ገባኝ፣ ይቆይ» አለች።

ጸሐፊውን የምጠይቀው እዚህ ላይ ነው። እንደ ዕቃ ብቆጥረው ኖሮ ሁለቱን ማስታወሻዎች በምን እለያቸው ነበር? ሁለቱም የመጡት ከአንድ ጎበዝ ባለሙያ ነው። ሁለቱም ምክንያታዊ ናቸው። ደንታ የሌለው ሰው ለሁለቱም እሺ ይላል፤ ወይም ለሁለቱም እምቢ ይላል። አንዱን ለመቀበል ሌላውን ለመመለስ ሰዎቹን ማወቅ ያስፈልጋል። እንዲህ አድርጎ ማወቅ ደግሞ ያለ ፍቅር ከየት ይመጣል? እኔ አላገኘሁትም።

ሦስተኛው፣ «የሚወድ ይሰበራል»። ይህ ከባዱ ነው። ጸሐፊው የአሜሪካዊውን ደራሲ የጆን ኬኔዲ ቱልን ታሪክ ያነሳሉ። ቱል ልብ ወለዱን የሚያሳትምለት አጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 በ31 ዓመቱ ሕይወቱን አጠፋ። ጸሐፊው «ባይወደው ኖሮ በሕይወት ይኖር ነበር» ይላሉ።

እዚህ ላይ አጥብቄ እቃወማቸዋለሁ። የአንድ ሰው ሞት በአንድ ምክንያት አይታሰርም። ቱል በመጨረሻዎቹ ወራት አእምሮው ታሞ ነበር። ሕመም ደግሞ ሕመም ነው፤ ከመጽሐፍ ፍቅር ጋር መቀላቀል ለታመመ ሰው ሁሉ አደገኛ ነው። ድርሰት ሲመለስበት ጨለማ ውስጥ የሚገባ ሰው ካለ፣ ረቂቁን አስቀምጦ ዛሬውኑ ለሚያምነው ሰውና ለሐኪም ይናገር። ከማንኛውም መጽሐፍ ሰው ይበልጣል። ይህን ያለ ምንም ማመንታት ነው የምለው።

የታሪኩ ሌላው ግማሽ ግን ተዘሏል። እናቱ ረቂቁን ይዛ ለዓመታት አሳታሚ ፈለገች። መለሱባት። መጨረሻ ላይ ደራሲው ዎከር ፐርሲ እንዲያነበው ወተወተችው። መጽሐፉ በ1980 ታተመ፤ በ1981 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ወደ አንባቢ ያደረሰው የእናት ፍቅር ነው። እንደ ዕቃ የቆጠሩትማ መልሰውታል።

በተረፈ ድርሰት ሲመለስብህ ያማል። አያምም የሚል ሰው ካለ አላምነውም። እኔ አንድ አሳታሚ ዘንድ ረቂቄ 14 ወር ተቀምጦ፣ ሲመለስ የታሰረበት ላስቲክ እንኳ አልተፈታም ነበር። ቆሽቴ አርሯል። ግን ጸሐፊው ያላዩት ነገር አለ። ያልተሸጠ ዕቃ ይጣላል፤ የንግድ ደንብ ነው። የምትወደው ነገር ሲመለስልህ ግን ቤቱ ነው የሚመለሰው።

የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የጄን ኦስተን አባት የልጁን ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1797 ለአንድ አሳታሚ እንደሚልክ ጽፎ ነበር። ረቂቁን እንኳ ለማየት ፈቃደኛ የሚሆን አልተገኘም። ኦስተን አልጣለችውም። አቆየችው፣ ደግማ ሠራችው፣ ርዕሱን ቀየረችው። በ1813 «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ተብሎ ወጣ። መካከሉ 16 ዓመት ነው። በ1803 ደግሞ ሌላ ልብ ወለድ በ10 ፓውንድ ሸጣ ነበር። ገዢው ሳያትመው ቁጭ አደረገው። በ1816 በዚያው በ10 ፓውንድ አስመልሳ ገዛችው። ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ጉዳይዋ፣ የተከፈላትን መልሳ ያልታተመ ረቂቅ ለምን ትገዛለች?

የሕፃናት መጻሕፍት ደራሲና ሠዓሊዋ እንግሊዛዊቷ ቢአትሪክስ ፖተር ደግሞ አለች። የጥንቸሉ የፒተር ታሪክ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1893 ለአንድ የታመመ ሕፃን በተጻፈ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን ከዓመታት በኋላ ከልጁ ተውሳ ወደ መጽሐፍ ቀየረችው። አሳታሚዎች አልተቀበሏትም። መጽሐፉ ትንሽ ሆኖ፣ ለትንሽ እጅ የሚመች ሆኖ እንዲወጣ ትፈልግ ነበር። በ1901 በራሷ ገንዘብ 250 ቅጂ አሳተመች። ከዚያ ቀደም ብሎ መልሷት የነበረ አንድ አሳታሚ ሥዕሎቹ ባለ ቀለም ከሆኑ አትማለሁ አለ። እሺ አለች፤ በ1902 ወጣ። ቀለሙ ላይ ተስማማች፣ ትንሽነቱን አልለቀቀችም። እዚህም ያው ነው። የሚወድ ሰው የሚለቀውንና የማይለቀውን ያውቃል።

ስለ ገበያው ብዙ አልልም። አንባቢ ደራሲው ታሪኩን ይውደድ አይውደድ ግድ የለውም መባሉ ልክ ነው፤ ተቀብያለሁ። መጽሐፍ ገዝቶ ደራሲውን የማባበል ግዴታ የለበትም። ግን ገበያው የሚፈልገውን ጻፍ የሚለው ምክር በስሌት እንኳ አይሠራም። ዛሬ የሚሸጠው መጽሐፍ የተጻፈው ከዓመታት በፊት ነው። አንተ ዛሬ ብትጀምር ጽፈህ እስክትጨርስ ሁለት ሦስት ዓመት ይሄዳል። አሳታሚ ከተቀበለህ በኋላም እስኪታተም አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ መቆየቱ የተለመደ ነው። የተከተልከው ገበያ እስከዚያ የት ይደርሳል? አሜሪካዊቷ ደራሲ ቶኒ ሞሪሰን በመጀመሪያ ሥራዋ የጻፈችው ልታነበው እየፈለገች ያጣችውን መጽሐፍ ነው። ሁለት ልጆች ብቻዋን እያሳደገች፣ ቀን ቀን በአርታኢነት እየሠራች። እ.ኤ.አ. በ1970 ሲወጣ 39 ዓመቷ ነበር። መጀመሪያ ላይ ብዙም አልተሸጠም። ገበያውን ብትጠይቀው ኖሮ መልሱ ግልጽ ነበር።

የመጨረሻው፣ «የመጀመሪያው መለማመጃ ነው፣ ቶሎ ጨርሰህ እርሳው» የሚለው ነው። ቶሎ የሚለውን አልገባኝም። ሐዲስ አለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ዕድሜያቸው 50ን አልፎ ነበር። የዘገየባቸው ምን አለ? ግን በዚህ ነጥብ ውስጥ አንድ የምስማማበት ነገር አለ። አንዳንድ ረቂቅ ለጊዜው መቀመጥ አለበት። መውደድ ማለት የግድ ዛሬ ይታተም ማለት አይደለም።

ጸሐፊው ሳይወዱ መጻፍ እንደሚቻል ፈረንሳዊውን ደራሲ ጉስታቭ ፍሎቤርን ምስክር ይጠራሉ። ፍሎቤር «ማዳም ቦቫሪ»ን ሲጽፍ ርዕሰ ጉዳዩ እንደሚያስጠላው በደብዳቤዎቹ ደጋግሞ አማርሯል። እውነት ነው። ደብዳቤዎቹ አሉ። ያልወደደውን ጽፎ ታላቅ ሆነ ማለት ይቻላል። ቢሆንም እ.ኤ.አ. ከ1851 እስከ 1856 አምስት ዓመት ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ያገላበጠውን ሰው አልወደደም ለማለት እኔ እቸገራለሁ። ወላጅም ልጁን ያማርራል።

ከዚያ በፊት የሆነውን ደግሞ ስሙ። በ1849 ፍሎቤር ስለ ቅዱስ አንጦንስ ፈተና የጻፈውን ለሁለት ጓደኞቹ አነበበላቸው። አራት ቀን ሙሉ። ያን ድርሰት ከልቡ ይወደው ነበር። ሲጨርስ «እሳት ውስጥ ጣለውና ዳግም አታንሳው» አሉት። ጓደኞቹ ናቸው፤ ክፉ አላሰቡም። ምናልባትም ለዚያ ጊዜ ልክ ነበሩ። ፍሎቤር ወደ ሌላ ሥራ ሄደ። እሳት ውስጥ ግን አልጣለውም። በየመሀሉ እያወጣ እንደገና ጻፈው። በ1874 አሳተመው። ከዚያ ንባብ 25 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ይህን ለወዳጄም ልኬላታለሁ፤ ለዚያች «ልተወው» ላለችኝ። አስቀምጪው፣ ሌላ ጀምሪ፣ ከፈለግሽ ዓመት አትንኪው አልኳት። ፋይሉን ብቻ አታጥፊው። እስካሁን አላጠፋችውም።

አሁን ወደ ጸሐፊው አንቀጽ ልመለስና በቀጥታ ላናግርዎት። የመጀመሪያ ረቂቅዎን መሳቢያ ውስጥ ከተው ዘጠኝ ዓመት እንዳልከፈቱት ጽፈዋል። «እንደ ዕቃ ማየት ስጀምር ነፃ ወጣሁ» ብለዋል። ስለ ምን እንደነበርም በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገሩን። ድልድይ አጠገብ የሚኖር ዓይነ ስውር ሰው አለ። በየማታው የሚሻገሩትን ሁሉ በእርምጃቸው ድምፅ ይለያቸዋል፤ የአንዱ እርምጃ ግን ሄዶ ሳይመለስ ቀረ።

ከጽሑፍዎ ሁሉ እኔ ጋ የቀረው ይህ ነው። አራቱ ወዳጆቼም ስጠይቃቸው እሱን አልረሱትም። ዘጠኝ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ደረቅ ምክር መካከል፣ ሳያስፈልግ ነው ያስገቡት። ለክርክርዎ ምንም አይጨምርም። «አንድ ረቂቅ ነበረኝ» ቢሉ ይበቃ ነበር። እርስዎ ግን የእርምጃውን ድምፅ ጭምር አስታወሱ።

ሆራስ ያለው ዘጠኝ ዓመት ሞልቶልዎታል። መሳቢያውን ይክፈቱትና አንድ ነገር ይንገሩን፤ እኔም ወዳጆቼም መልሱን እንጠብቃለን። ሄዶ ሳይመለስ የቀረው ማነው?